የጾም ፓይ በፍስክ ማሸጊያ

አዎ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሱቅ ደጃፍ ቆማ የታሸገ ምግብ ጀርባ የምታነበው አሮጊት እኔ ነኝ። ባለሱቋ መጀመሪያ ሰሞን ዕቃ የምሸጉጥባት መስሏት ዓይኗን አትነቅልብኝም ነበር። አሁን መነጽሬን እስካወጣ ትጠብቅና ዛሬስ ምን አገኙበት ትለኛለች። እየሳቀችብኝ ነው። ትሳቅ። ጎረቤቶቼም ሥራሽን ጨርሰሽ የለ፣ ምን አስጨነቀሽ ይሉኛል። እኔን ጡረታ ያወጣኝ መንግሥት ነው፤ ዓይኔን ግን ማንም ጡረታ አላወጣውም።

ስለ ደመወዝና ስለ እርከን እንድጽፍ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፣ እርከኑም ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል፤ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት የማንጎ ፓይ ነው። በሁለት ስስ ሊጥ መካከል የበሰለ ማንጎ ተሞልቶ የምትጋገር፣ መዳፍ የምታህል ጣፋጭ ናት። በፕላስቲክ ታሽጋ፣ ጀርባዋ ላይ ኃይል፣ ፕሮቲን፣ ስብ፣ ካርቦሃይድሬት የሚል ሠንጠረዥ ታትሞባት ትሸጥ ነበር። ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ማግስት፣ ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ጤና ጣቢያ፣ በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ነው። መብራት ስላልነበረ ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር አስቀምጬ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እያነጠርኩ ነበር የምሠራው። ደመና የዋለ ቀን ሥራ የለም። የመጀመሪያው አለቃዬ ማይክሮስኮፑን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ነበር። ጠበል ሊጠመቁ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተኝተው ሁለት ቀን ጠበቅሁት። በሦስተኛው ቀን የቁምሳጥኑን ማጠፊያ በቢላዋ ፈትቼ መሣሪያውን አወጣሁና ሥራዬን ሠራሁ። ሲመለስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደብዳቤው ዛሬም አለኝ፣ ስሜ በትክክል የተጻፈበት የመጀመሪያ የመንግሥት ወረቀት ስለሆነ እወደዋለሁ።

ከሰከላ ወደ ደምበጫ ተዛወርኩ። ከዚያም ምግብ የሚመረምር ሰው ይፈለጋል ተባለና ባሕር ዳር ወደሚገኝ ላቦራቶሪ ለሥልጠና ተላክሁ። ጋሽ ቢያድግልኝን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ቢያድግልኝ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ከነጩ ጋዋን ላይ ጋቢ የሚደርቡ ሰው ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በር ላይ ቆመው ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ፤ የእኛንም ያያሉ። ሚዛን ፊት ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር፣ እኛንም ያስይዙናል። አንድ ቀን ሚዛኑ ላይ አዛጋሁና ግማሽ ቀን ሙሉ ብርጭቆ አሳጠቡኝ። ናሙና ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት የማሸጊያውን ጽሑፍ በፕላስተር መሸፈን ነው። ባለቤቱ የጻፈውን ቁጥር ካየሽ እጅሽ ወደዚያ ቁጥር ይሄዳል ይሉኛል። ውጤቱ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ፕላስተሩን ራሳቸው ይልጡትና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያነቧቸዋል። ልዩነት ያገኙ ቀን አይቆጡም፤ መነጽራቸውን ያወልቁና ረዘም አድርገው ይጠርጉታል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ምግቡን ትፈጪዋለሽ፣ ትመዝኚዋለሽ፣ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ትከቺዋለሽ። ታወጪውና እርጥበት በማያስገባ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ትመዝኚዋለሽ፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ደግመሽ፣ ደጋግመሽ። የቀነሰው ውሃው ነው። ቀጥሎ ስቡን ኤተር በሚባል ስብ በሚያሟሟ ፈሳሽ እያጠብሽ ታወጪዋለሽ፤ ኤተሩ እየፈላ፣ እየተነነ፣ እየቀዘቀዘ ጠብ ጠብ ሲል ሰዓታት ይፈጃል። ፕሮቲኑ በአሲድ ተቀቅሎ በሌላ መንገድ ይለካል። ሲቃጠል የሚቀረው አመድ ማዕድኑ ነው። ካርቦሃይድሬት ግን በእኛ ላቦራቶሪ አይለካም ነበር፤ ሌላው ሁሉ ተደምሮ ከመቶ ይቀነስና የተረፈው ካርቦሃይድሬት ይባላል። ስለዚህ የሌላው ስሌት ስህተት በሙሉ እዚያ ይወድቃል። ጋሽ ቢያድግልኝ «የሰነፍ ጎተራ» ይሉት ነበር።

ከሁሉም በላይ አጥብቀው የያዙት ልማድ የሦስት ገበያ ነው። ባለቤቱ በእጁ የሰጠሽን ናሙና አትመርምሪ። ራስሽ ሄደሽ ግዢ፣ እሱንም ከሦስት ቦታ፣ በሦስት የተለያየ ሰሞን። ይህን ሲሉኝ ለሰው ክፉ የሚያስቡ ሰው መስለውኝ ነበር። በኋላ አንድ የደምበጫ ነጋዴ በቅቤው ተከሰሰ። የመጀመሪያው ሳምንት ቅቤ ንጹሕ ነበር፣ የሁለተኛውም ንጹሕ ነበር። እኔ መዝገቡን ልዘጋ ብዕሬን ሳነሳ ጋሽ ቢያድግልኝ አንድ ገበያ ይቀርሻል አሉኝ። የሦስተኛው ሳምንት፣ ለበዓል ሰው ሲሻማ የተገዛው ቅቤ፣ ግማሹ የአትክልት ስብ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ቅቤው ግን በየሰሞኑ ሌላ ቅቤ ነበር። ያን ቀን ገባኝ ብዬ ነበር። ሙሉ በሙሉ እንዳልገባኝ የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ሥልጠናው ሲያልቅ ፍኖተ ሰላም፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት የምግብ ጥራት ክፍል ተመደብኩ። ክፍሉ እኔ ብቻ ነበርኩ። ናሙና እሰበስባለሁ፣ ባሕር ዳር ወስጄ በሠለጠንኩበት ላቦራቶሪ ራሴ እመረምራለሁ፣ ውጤቱን እፈርማለሁ። አለቃዬ አቶ ሞላ ይባላል። ቀልጣፋ፣ ተናጋሪ፣ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነው። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ከላይ ለሚጠይቀው ሰው የሚሰጠው መልስ ከሌለው ግን እንቅልፍ አይወስደውም።

ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ ባሉት ዓመታት አቶ ዳምጤ የሚባል የቡሬ ሰው የፓይ ፋብሪካ ከፈተ። አዲስ አበባ ነግዶ የተመለሰ፣ ባገሩ ልጅነት የሚኮራ ሰው ነው። የፍኖተ ሰላም ማንጎ በየዓመቱ ዛፉ ሥር ሲበሰብስ እያየ ነው ያደገው። ያንን ማንጎ በሊጥ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ድረስ ሲልክ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ማሸጊያው ፊት ላይ «እንቁላልና ወተት ያለበት፣ ለሕፃናት እድገት ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ አቀደ። ይህን ለመጻፍ ደግሞ የእኔ ሠንጠረዥና የእኔ ፊርማ ያስፈልገው ነበር።

አቶ ሞላ ጠርቶኝ፣ ምርቃቱ ክረምት ሳይገባ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ማሸጊያው ደግሞ አዲስ አበባ ነው የሚታተመው፣ በዚህ ሳምንት ጨርሺው አለኝ። ሦስት ሰሞን እንደሚያስፈልገኝ ነገርኩት። ሦስት ሰሞን ጠብቀን ምርቃቱን በበረዶ ልናደርገው ነው ወይ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቡሬ ሄድኩና ከፋብሪካው ከአንድ ቀን ምርት፣ ከሦስት ካርቶን፣ ሦስት ሦስት ፓይ ወሰድኩ። ሦስት ካርቶን ሦስት ገበያ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ወሩ በዓለ ሃምሳ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሊጡ እንቁላል ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል፣ ማንጎው ውስጥ ወተት ገብቷል። ሊጡንና ሙሊቱን ለይቼ መዘንኩ፣ አደረቅሁ፣ አጠብኩ፣ ቀቀልኩ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ዛሬም የዚያን ሳምንት መዝገብ ማንም ቢያየው ቁጥሩ ላይ ነቀፌታ አያገኝም። ፕሮቲኑ ለፓይ ደህና የሚባል ነበር። ፈረምኩ። በምርቃቱ ቀን አቶ ዳምጤ ስሜን በማይክሮፎን ጠርቶ አመሰገነኝና ሰው አጨበጨበልኝ።

ያላሰብኩት ነገር ይኸው፤ ያላሰብኩት ደግሞ ከእናቴ ጉያ ጀምሬ ስጾም የኖርኩ ሴት ሆኜ ነው። ጾም ሲገባ የፋብሪካው ጋጋሪዎች እንቁላሉንና ወተቱን ተዉት። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። በጾም እንቁላል ያለበት ፓይ ጎጃም ውስጥ ማን ይገዛል? ጋጋሪዎቹስ እጃቸውን እንዴት ያስገባሉ? በእንቁላሉ ፈንታ ዘይት፣ በወተቱ ፈንታ ውሃና ስኳር ጨመሩ። ጾሙ ሲፈታ መለሱት። ማጭበርበር አልመሰላቸውም፤ ሁላችንም በየቤታችን የምናደርገው ነው። ማሸጊያው ግን በጥቅል የታተመ አንድ ዓይነት ነበር። በጾምም በፍስክም ያው ፊት፣ ያው ሠንጠረዥ፣ ያችው የእኔ ፕሮቲን።

በቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ አጋማሽ ላይ፣ በደብረ ዘይት ሳምንት፣ የከተማው ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ወዳጄ ነበረችና አስጠራችኝ። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች እናት አለች፣ የያዘችው ወረቀት አንቺን የሚመለከት መሰለኝ አለችኝ።

እናቲቱ ትሁን ትባላለች። ሌላ ልጅ ፀንሳ ስለነበር ትልቋን ከኅዳር ጀምራ ጡት አስጥላታለች። ሕፃኗ አልጋው ላይ ፊቷ ተነፍቶ፣ ፀጉሯ ሳስቶና ቀላ ብሎ ተኝታለች። ለማያውቅ ሰው የወፈረች ትመስላለች። ነርሷ አውራ ጣቷን እግሯ ላይ ጫን አድርጋ ስታነሳው ጎድጓዳው እዚያው ቀረ። የፕሮቲን እጦት እብጠት ነው። ሕፃኗ አታለቅስም ነበር። ከሁሉ የከበደኝ አለማልቀሷ ነው።

ትሁን ከነጠላዋ ጫፍ የተጣጠፈ የፓይ ማሸጊያ ፈትታ ሰጠችኝ። ምን እንደምታበላት ስጠይቃት አላፈረችም፤ ጥሩ ያደረገች ነበር የመሰላት።

«በጾም ዕቃዬን ወተት አላስነካም እትዬ። የምንበላበት ሁሉ አንድ ነው፣ ማን ያጥበዋል። ለርሷ ግን ጾም የለባትም ብለው ቄሱም ነግረውኛል። ይኸ ታሽጎ የመጣ ነው፤ ቀድጄ እሰጣታለሁ፣ ዕቃ አይነካ። እንቁላሉም ወተቱም ውስጡ አለ ብለው መምህሩ አነበቡልኝ። ከነቢያት ጾም ጀምሬ ሌላ አላበላኋትም፣ ዶሮ ሸጬ እሱን ነው የምገዛላት።»

ማሸጊያውን ገልብጬ ሠንጠረዤን አየሁ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንቁላል ከሚጥሉ ዶሮዎቿ እየሸጠች እንቁላል የሌለበትን እንቁላል ገዛች። እኔ ነኝ አለ ያልኳት።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «እኔ ነኝ እንዴ ያጠፋሁት? ባሌ ልጄን በጾም አስራብሽ አለኝ። ይንገሩኝ።»

ላጣራ አልኳት። ይህችን ቃል ነው የመለስኩላት። ማጣራት የሥራዬ ቃል ነው፣ ትክክለኛ ቃል ነው፣ ያን ቀን ግን የተደበቅሁበት ቃል ነበር። አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አለቃዬን ፈራሁ፣ ፊርማዬን ፈራሁ። ነርሶቹ ለተጎዱ ሕፃናት በሚሰጠው የወተት መድኃኒት ሌት ተቀን ለፉ፤ ዘግይቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ሕፃኗ አረፈች። ስሟ ማስተዋል ነበር።

ቀብሩ ሳያልቅ ከፍኖተ ሰላም፣ ከማንኩሳና ከቡሬ ሱቆች የጾሙን ፓይ ገዝቼ ባሕር ዳር ሄድኩ። ጽሑፉን በፕላስተር ሸፈንኩ፤ ምን ይጠቅመኛል፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። ውሃው ወጣ፣ ስቡ ወጣ፣ ፕሮቲኑ ከዱቄቱ ከሚመጣው በቀር ምንም አልነበረም። የቀረው ሁሉ እዚያው ጎተራ ውስጥ ገባ፤ ስኳርና ዱቄት።

ጋሽ ቢያድግልኝ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ልጃቸው ቤት ነበሩ። ሁለቱን ወረቀቶች፣ የበዓለ ሃምሳውንና የሁዳዴውን፣ ፊታቸው ዘረጋሁ። ረጅም ጊዜ አነበቧቸው። አስቸኩለውኝ ነው አልኳቸው። ምርቃቱን፣ አቶ ሞላን፣ ማተሚያ ቤቱን ሁሉ ቆጠርኩላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያስቸኮለሽ ሰው ስም ወረቀቱ ላይ የለም» አሉኝ። «ያንቺ አለ።»

አላጽናኑኝም። እስከ ዛሬ ስንት ሰው አጽናንቶኛል፣ የማንንም አላስታውስም፤ የእሳቸውን ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ሲሸኙኝ በር ላይ ቆመው ይህን ወረቀት መጀመሪያ ለማን ታሳዪዋለሽ አሉኝ። ለአለቃዬ ልል አፌን ከፈትኩና አፈርኩ።

ከባሕር ዳር በቀጥታ ማንኩሳ ወረድኩ። ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። የትሁን ቤት ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልጠፋም ነበር። ሴቶቹ ትሁንን ከበው ተቀምጠዋል፣ ግን ፈንጠር ብለው ነው፤ ባሏ ደጅ ከወንዶቹ ጋር ነው፣ ወደ እርሷ አያይም። እኔ እዚያ ግቢ መሐል ቆሜ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም እንዲሰሙኝ አድርጌ፣ ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እኔ ነኝ ያጻፍኩት፣ በጾም እንደሚለወጥ ሳላይ ፈርሜያለሁ፣ ይህች ሴት የተነገራትን አምና ለልጇ ያላትን ሸጣለች፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም አልኩ። ባልየው ተነስቶ መጣብኝ፤ ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ቦታዬን አልለቅም ነበር። አጠገቤ ቆመና ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። ከዚያ ገብቶ ከሚስቱ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ትሁን ቀና ብላ አየችኝ። ይቅር በይኝ አላልኳትም። ያንን መጠየቅ ራሱ አንድ ሌላ ሸክም መጣል መሰለኝ።

ከዚያ የእኔና የቢሮው ጦርነት ጀመረ። ለአቶ ሞላ ማሸጊያው ሁለት ይሁን፣ ለጾም ሌላ፣ ለፍስክ ሌላ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ሠንጠረዥ ብዬ ጻፍኩለት። እስከዚያው ፊርማዬን አንስቻለሁ ብዬ ጨመርኩ። ፊርማ ይነሳል እንዴ አለኝ። የእኔ ይነሳል አልኩት። በግምገማ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ዘመን ግምገማ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። የልማት እንቅፋት ተባልኩ። ባለሀብት ታሸሻለች ተባለ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ራሷን ለማሳወቅ ነው አለ። ራሴን ማሳወቅስ ይቅርብኝ፣ ስሜን ከዚያ ፕላስቲክ ላይ ላጥፋ ነው የምለው አልኩት።

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሳምንት ቡሬ አዳራሽ ውስጥ የሕዝብ መድረክ ተጠራ። አቶ ዳምጤ ከፊት ተቀምጧል፣ አቶ ሞላ ይመራል፣ ሽማግሌዎችና የደብሩ ቄስ መርሻ አሉ። ሁለቱን ወረቀቶቼን ይዤ ሄጄ ነበር። ግን ወረቀቱን ማንበብ ስጀምር ሰው ሲያዛጋ አየሁ። ፕሮቲን፣ ስብ፣ በመቶ ይህን ያህል፤ ማን ይሰማል። አቶ ሞላም ቴክኒካል ጉዳዩን ለቢሮ እንተወው ብሎ ሊያስቀምጠኝ ነበር። ወረቀቱን አጠፍኩት። ፊቴን ወደ አቶ ዳምጤ አዙሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት።

«አቶ ዳምጤ፣ አሁን በሁዳዴ የምትሸጠው ፓይ ውስጥ እንቁላል አለበት ወይስ የለበትም?»

አዳራሹ ነቃ። ያዛጉት ሁሉ አንገታቸውን አቀኑ። አለበት ካለ ከአንድ ወር በላይ አገሩን ጾም አስገድፏል። የለበትም ካለ ማሸጊያው ውሸት ነው። አቶ ሞላ ይህ ከአጀንዳው ውጪ ነው አለ። ማንም አልሰማውም። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ግማሾቹ ያን ቀን ጠዋት ፓዩን በሻይ በልተው ነው የመጡት።

ቄስ መርሻ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማለት ይቻላል፣ «ልጅ ዳምጤ፣ መልስ እንጂ» አሉት።

አቶ ዳምጤ ተነሳ። ላቡን ጠረገ። ስለዚህ ሰው እውነቱን ልጻፍ፤ ሊዋሽ ይችል ነበር፣ አልዋሸም። «የለበትም» አለ። «አንድም ቀን ገብቶበት አያውቅም። በናቴ አፅም፣ የጾም ሰው አላስገድፍም።»

«እንግዲያ ወረቀቱን አስተካክለው» አልኩት። «አዋቂውን ከጾም መግደፍ ስትጠብቅ ሕፃን ልጅ አስርበን ገድለናል። አንተም እኔም።»

ስለ ማስተዋል የተናገርኩት ያን ጊዜ ነው። ስሟን፣ የእናቷን ዶሮዎች፣ እግሯ ላይ የቀረውን ጎድጓዳ። አቶ ዳምጤ ቁጭ ሲል ወንበሩን ሳተው፤ አጠገቡ የነበረ ሰው ያዘው። ሳላውቅ አለ። ሳላውቅ ነው እኔም አልኩት፤ ማወቅ ግን የእኔ ሥራ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሁለት ማሸጊያ ታተመ። የጾሙ አረንጓዴ ነው። ፊቱ ላይ «እንቁላልና ወተት የለበትም፤ ለሕፃን ዋና ምግብ አይሆንም» ይላል። ያችን አረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ክፍል ይውጣ ብለው ስንት ጊዜ ተከራከሩኝ፣ ሽያጭ ይቀንሳል አሉኝ። ይቀንስ አልኩ። ቀነሰም መሰለኝ። በጾም ልጆቻቸውን ምን እንደሚያበሉ ለእናቶች በየደብሩ ቅዳሴ ሲያልቅ መናገር የጀመሩት ቄስ መርሻ ናቸው። የሕፃን ዕቃ ለብቻው ይሁን፣ ወተቱ ለእሱ ይፈቀዳል እያሉ፤ እኔ ዐሥር ዓመት በስብሰባ ባወራ የማልደርስበት ጆሮ ደረሱ።

እኔ ደግሞ በሦስተኛው ወር ዝውውር ደረሰኝ። ወደ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ፣ የሰገራ ምርመራ። ምክንያቱ የሥራ መደራረብ ነው ይላል። ክፍሉ እኔ ብቻ እንደነበርኩ ቀደም ብዬ ጽፌያለሁ። እንዳዝን ብለው ከሆነ አላዘንኩላቸውም። መብራት ገብቶ ነበር፣ ማይክሮስኮፑም አዲስ ነው። ስድስት ዓመት ሠራሁ። አቶ ሞላም እኔም ሳንጠብቀው በሌላ ግምገማ ከቦታው ተነሳ፣ እኔም ፍኖተ ሰላም ተመልሼ እዚያው ጡረታዬ ደረሰ።

የስንብቱ ቀን ለስላሳ ተከፈተ፣ ዳቦ ተቆረሰ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ የሆነውን ሁሉ አያውቅም። የምስክር ወረቀቴን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ወይዘሮ ስመኝ በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ያለ አንዳች እንከን ያገለገሉ ይላል። ተጨበጨበ። ወረቀቱን ተቀበልኩና ቆሜ ቀረሁ። ቀጥሎ ፎቶ ነበር፣ ሁሉም ተሰልፏል።

ብዕር እንዲያበድረኝ ጠየቅሁት። ፊርማ የምፈርም መስሎት ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ «ያለ አንዳች እንከን» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ የሰረዝኩት እንዲነበብ አድርጌ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ስህተት አይፋቅም። ወጣቱ ደነገጠ።

«ኧረ እትዬ ስመኝ፣ ይኼ እኮ ለሁሉም የሚጻፍ የተለመደ ቃል ነው» አለኝ።

«ዕቃው ውስጥ የለም» አልኩት። «የሌለ ነገር አይጻፍብኝ።»

ከተሰረዘው በላይ የጻፍኩትን ስም አዳራሹ ውስጥ ማንም አላነበበውም፤ ፎቶው ላይም ወረቀቱን ወደ ደረቴ አዙሬ ይዤዋለሁ። አሁን ግን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ፣ ገቢ ወጪው በሚያየው ቦታ ተሰቅሏል። የማያውቁኝ እንግዶች ቀረብ ብለው ያነቡና ማስተዋል ማን ናት ይሉኛል። ልጄ ናት ብለው የሚያስቡ አሉ። አይደለችም እላቸዋለሁ፣ የትሁን ልጅ ናት፣ ከማንኩሳ ወዲያ፣ በእኔ ፊርማ የሞተች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነበረች።